ኮሌስትሮል የሌለበት ጀሪካን

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ለደብረ ዘይት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የመሥሪያ ቤታችን ዓመታዊ የጤና ምርመራ ውጤት በታሸገ ፖስታ እጄ ገባ። ሰርቪሱ ከመገናኛ ተነሥቶ የካ አባዶ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ከፈትኩት። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 248፣ «መጥፎው» የሚባለው ኤል ዲ ኤል 168፣ «ጥሩው» የሚባለው ኤች ዲ ኤል 38፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 210፤ ሁሉም በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ በሚገኝ ሚሊግራም የተለካ ነው። ክብደቴ 91 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ70። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ቁጥር ብቻውን አያስደነግጠኝም፤ ያስደነገጠኝ ቀኑ ነበር። ቅበላ ካለፈ ከሦስት ሳምንት በላይ ሆኖ ስለነበር ሥጋም፣ ቅቤም፣ ወተትም፣ እንቁላልም በአፌ አልዞረም። ታዲያ ይህ ሁሉ ስብ ከየት መጣ?

ባለቤቴ ወረቀቱን አገላብጣ ካየችው በኋላ ላቦራቶሪው ተሳስቷል አለች። «ጾመኛ ሰው ኮሌስትሮል ከየት ያመጣል?» ብላ ወደ ማዕድ ቤት ገባችና ባለ 5 ሊትሩን የዘይት ጀሪካን ይዛ ተመለሰች። በጎኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እኔም ብሆን ከዚያን ቀን በፊት ጥፋተኛ አድርጌ የማስበው የሸኖን ለጋ ቅቤና የበዓል ጮማን ብቻ ስለነበር፣ የምመልሰው ነገር አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ከአንዲት ወጣት ሐኪም ነው። ጀሪካኑ ላይ ስላነበብኩት ነገር ስነግራት ፈገግ አለችና «ጋሼ፣ ጽሑፉ ውሸት አይደለም፤ ግን የሚነግርዎ ግማሹን ነው» አለችኝ። ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ውስጥ ብቻ በመሆኑ፣ ከተክል የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ያለ ምንም ችግር «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ይሁን እንጂ በደማችን ውስጥ ከሚዘዋወረው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ሰውነት፣ በተለይም ጉበታችን ነው። ጉበት ኮሌስትሮልን ከመሥራት ሌላ የተረፈውን ኤል ዲ ኤል ከደም ውስጥ እየለቀመ የመመለስ ሥራም አለው፤ ይህንንም የሚያደርገው በሴሎቹ ገጽ ላይ ባሉ «ተቀባዮች» አማካይነት ነው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉት አሜሪካውያን ሐኪሞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት እነዚህን ተቀባዮች በማግኘታቸው ነው። እንደ ቅቤ በብርድ የሚረጋ ስብ የበዛበት ምግብ ስንመገብ ተቀባዮቹ ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ ለቃሚ ያጣው ኤል ዲ ኤልም በደም ውስጥ እየተጠራቀመ በደም ቅዳ ቧንቧዎች ግድግዳ ሥር መለጠፍ ይጀምራል። የሚረጋው ስብ ከላም ይምጣ ከተክል፣ ለጉበት ልዩነት የለውም።

ከሸማቾች ማኅበር ተራ ይዘን እናመጣው የነበረው ዘይት ደግሞ የፓልም ዘይት ነበር። ከክብደቱ ግማሽ የሚሆነው የሚረጋ ስብ ሲሆን፣ ይህ መጠን ከቅቤ ጋር ተቀራራቢ ነው። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። የየካ አባዶ ብርድ የታወቀ ነውና በሐምሌ ማለዳ ያ ዘይት ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ሰም ነጥቶ ሲረጋ፣ ባለቤቴም ፀሐይ እስኪወጣ ጠብቃ በረንዳ ላይ ስታቆመው ለዓመታት አይቻለሁ። አይቼ ግን አላስተዋልኩም።

ሐኪሟ የእንቅርት ዕጢዬና የደም ስኳሬ እንዲመረመሩ አዘዘች፤ የዕጢው ሥራ መዳከም ብቻውን ኮሌስትሮልን ሊያንር እንደሚችል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም ደህና ሆኑ። ኤል ዲ ኤሌ 190 ደርሶ ወይም ስኳር ኖሮብኝ ቢሆን ኖሮ ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚያወርድ መድኃኒት ያለ ቀጠሮ እንደምታስጀምረኝ በግልጽ ነገረችኝ። እኔ ግን በመካከል ላይ ያለሁ ሰው በመሆኔ የሦስት ወር ጊዜ ሰጠችኝ። ይህን የምጽፈው ከእኔ የባሰ ቁጥር ይዞ ይህን የሚያነብ ሰው መድኃኒቱን ትቶ ገብስ እንዳይፈጭ በመስጋት ነው።

በዚያው ሳምንት እንደ ልማዴ መዝገብ ከፈትኩ። ባለቤቴ ያቺን ጀሪካን የከፈተችበትን ቀን ታስታውስ ነበር፤ ባለቀችበት ቀን ስንቆጥር 19 ቀን ሆነ። አምስት ሊትር ዘይት 4 ኪሎ ከ600 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህ ለ19 ቀንና ለአራት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 60 ግራም ይደርሰዋል፤ አራት የሾርባ ማንኪያ ተርፎታል ማለት ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ከዘይት ብቻ በየቀኑ 540 ኪሎ ካሎሪ እናገኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚረጋ ስብ ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 22 ግራም ነው። እኛ ከፓልም ዘይቱ ብቻ 30 ግራም እንወስድ ነበር፤ ያውም በጾም፣ ያውም «ምንም አልበላሁም» እያልኩ። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ደጋገምኩት። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው እሑድ ደብረ ዘይት መሆኑ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ዘይቱ የት እንደሚገባ ለማየት ቅዳሜ ዕለት ማዕድ ቤት ገብቼ ቆምኩ። ባለቤቴ ለምስር ወጥ ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ካደረገች በኋላ ጀሪካኑን አጋድላ ዘይቱን ለቀቀችው። መለኪያዋ ዓይኗ ነበር። በርበሬው ገብቶ ሲቁላላ ትንሽ ጨመረች፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ደግሞ «ፊቱ እንዲያምር» ብላ ጥቂት አከለችበት። ድስቱ ላይ አንድ ጣት የሚሞላ ቀይ ዘይት ተንሳፍፎ ቆመ። ለምን ይህን ያህል እንዳስፈለገ ስጠይቃት፣ ዘይት ያልጠገበ ወጥ እንደማይጥም፣ ደግሞም እንግዳ ድንገት ቢመጣ ምን እንደሚባል አስረዳችኝ። እውነቷን ነው። በእኛ ቤት ብቻ ሳይሆን በሰፈሩ ሁሉ የተንሳፈፈ ዘይት የባለሙያነትም የክብርም ምልክት ነው፤ የደረቀ ወጥ ያቀረበች ሴት ሰስታ ነው ትባላለች። እንግዲህ የእኔ ኮሌስትሮል ከሆዳምነት ይልቅ ከይሉኝታ የመጣ ነበር ብል ራሴን ለማሳመር እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ፤ ሆዳምነቱም ነበረበት።

መፍትሔው የተገኘው ሁለተኛ ፎቅ ከሚኖሩ አሮጊት ጎረቤታችን ነው። እማማ ጉዳዩን ሲሰሙ ሳቁብን። እሳቸው በልጅነታቸው በገጠር ዘይት የሚያዩት ለዓውደ ዓመት ብቻ እንደነበርና ሽንኩርት ያለ ምንም ስብ በራሱ ውኃ እንደሚቁላላ ነገሩን፤ ከዚያም ቁመው አሳዩን። ሽንኩርቱ በጣም ደቆ ተከተፈ። ደረቅ ድስት ላይ ሆኖ በዝግተኛ እሳት ይታመስ ጀመር፤ መጀመሪያ ውኃውን ተፋ፣ ቀጥሎ ውኃውን መልሶ ጠጣ፣ ሊይዝ ሲል እማማ በማንኪያ ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረጉ ማማሰያውን አላቆሙም። ከግማሽ ሰዓት በላይ ወሰደ። ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲሄድ በርበሬው ገባ፤ እንደገና በውኃ ጠብታ ተቁላላ። ዘይቱ የገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለአምስት ሰው ወጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ እሱም የኑግ ዘይት። ኑግ ሽታው ስለሚጎላ ጥቂቱ ብዙ ይመስላል። ባለቤቴ ቀምሳ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ምን ማለት እንደሆነ ከ20 ዓመት ትዳር በኋላ ስለማውቅ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የፓልም ዘይት አልገባም፤ ለሌላው ሥራ የሱፍ አበባ ዘይት እንገዛለን፤ ከ100 ግራሙ የሚረጋው ስብ 11 ግራም ያህል ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ መጠኑ ሲቀንስ ግን ልዩነቱ ብዙም አልተሰማንም።

የትራይግሊሰራይዱ ጉዳይ ሌላ ነበር። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆይና ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ በሁለት ሳምቡሳና በአንድ ቦንቦሊኖ እገድፍ ነበር፤ በዚያ ላይ በሦስት ማንኪያ ስኳር የተበጠበጠ ሻይ፣ በቀን አምስት ብርጭቆ። ስኳርና የነጭ ዱቄት ውጤት ሲበዛ ጉበት ትርፉን ወደ ትራይግሊሰራይድ ይለውጠዋል። እነዚህን መተው ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ሆነ፤ ስኳር የሌለው ሻይ በአሥረኛው ቀን ገደማ መጣፈጥ ጀመረ።

ከቀነስኩት ይልቅ ልጽፍበት የምወደው ያከልኩትን ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም በየቤታችን ጓዳ ያለ ነገር ነው። ገብስና አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል በውኃ የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) አላቸው። የአጃ ሾርባ ሲበርድ እንደ ሙጫ የሚያዝለገልገው ይኸው ነው። ጉበት ሐሞትን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ሲሆን፣ በተለመደው ሁኔታ ሐሞቱ ስብ አስፈጭቶ ካበቃ በኋላ ከአንጀት ተመልሶ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል። የሚያዝለገልገው አሰር ግን ሐሞቱን አንጀት ውስጥ ይይዝና ከሰገራ ጋር ይዞት ይወጣል፤ ጉበትም አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮልን ከደም ለመልቀም ይገደዳል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ኤል ዲ ኤልን በጥቂት በመቶ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ይህም ከ75 ግራም ያህል ደረቅ አጃ ይገኛል። ስለዚህ ቁርሴ ቅቤ የሌለበት የአጃ ቂንጬ ወይም በውኃ የተበጠበጠ በሶ ሆነ። ቂንጬ ያለ ቅቤ መጀመሪያ ላይ ከባድ ነው፤ በዚህ ጉዳይ አልዋሽም። በመክሰስ ሰዓት ሳምቡሳውን በገብስ ቆሎ ተካሁት። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አተርም የሚሟሟ አሰር አላቸው። የጾም ምግባችን ጥፋቱ በራሱ ላይ አልነበረም፤ ጥፋቱ የሚፈስስበት ነገር ላይ ነበር። እንጀራዬን ከሁለት ወደ አንድ አወረድኩ፤ በቦታው ጎመንና ሰላጣ አበዛሁ።

ቡናም አልቀረልኝም። ተፈልቶ በወረቀት ሳይጣራ የሚጠጣ ቡና ካፌስቶል የሚባል ቅባት ስላለው ኤል ዲ ኤልን ከፍ ያደርጋል፤ ወረቀቱ ይህን ያስቀረዋል። ፊንላንዳውያን በሰሜን ካሬሊያ በ1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጀመሩት ዘመቻ ቅቤያቸውን በተክል ዘይት ሲለውጡ፣ በኋላም ከተፈላ ቡና ወደ ተጣራ ቡና ሲዞሩ፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች ዘንድ በልብ ሕመም የሚመጣው ሞት በአሥርት ዓመታት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል። እኔ ግን ጀበና ላይ ወረቀት ላስር አልችልም። አቦሉን ጠጥቼ ቶናውንና በረካውን እተዋለሁ፤ በዚህ ምክንያት ቡና ጠጡ የሚለን ሰው ቤት ብዙ ጊዜ ተወቅሻለሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ያን ቀን በሚዛን የሚበላ ሰው መሆን አልፈለግሁም፤ ዶሮውንም በላሁ፣ ከቅርጫውም ቀይ ቀዩን መርጬ ቀመስኩ። አደጋው በዓሉ ሳይሆን ከበዓሉ በኋላ ያለው ጊዜ ነበር፤ እስከ በዓለ ኀምሳ ድረስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ሃምሳ ቀን ሙሉ ፍስክ ነው። በቀደሙት ዓመታት በዚያ ወቅት አራትና አምስት ኪሎ እጨምር ነበር። ያን ዓመት ግን በሳምንት አምስት ቀን ሽሮና ምስር ለመብላት ወሰንኩ። የንስሐ አባቴ በሃምሳው ቀን መጾም እንደማይፈቀድ ሲያስጠነቅቁኝ፣ «አባ፣ ሽሮ መብላት መጾም አይደለም» አልኳቸው። ጥቂት አሰብ አድርገው ሳቁና ተዉኝ።

እንቅስቃሴውን የጀመርኩት በስሕተት ነው። ከሰፈራችን በላይ ባለው የባሕር ዛፍ ዳገት ላይ ወጣት ሯጮች ማለዳ ልምምድ ያደርጋሉ፤ እኔም 91 ኪሎዬን ይዤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተከተልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ቁልቁል ስሮጥ የቀኝ ጉልበቴ አበጠ፤ ሦስት ሳምንት አነከስኩ። ከዚያ በኋላ መራመድ ብቻ ሆነ፤ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ በመሆኑ በቂ ነው። እርምጃዬ የሚበቃ መሆኑን የምለካው ማውራት እየቻልኩ መዝፈን ሲያቅተኝ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ማገዶ አዝለው ከተራራው የሚወርዱ እናቶች ከነሸክማቸው ይቀድሙኝ ነበር፤ አንዷ «አይዞህ ወንድሜ» ብላኝ ስታልፍ ያፈርኩትን እፍረት ዛሬም አልረሳውም። ውሻ ስላለ በትር እይዛለሁ፤ ጅቡ ሳይገባ አልወጣም። በክረምት ጭቃው ሲያስቸግር ሊፍት የሌለውን የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ በአንድ ጊዜ አሥር ዙር እወጣለሁ። መራመድ ብቻውን ኤል ዲ ኤልን ብዙም አያወርድም፤ የሚያግዘው ትራይግሊሰራይዱን በመቀነስ፣ ኤች ዲ ኤሉን በትንሹ ከፍ በማድረግና የወረደው ኪሎ እንዳይመለስ በመያዝ ነው።

ያልጠበቅሁት ፈተና የመጣው ሲሳካልኝ ነው። ቦርጬ በነበረበት ዘመን ያየኝ ሁሉ «ተመችቶሃል» ይለኝ ነበር። ስድስት ኪሎ ስቀንስ ግን የእድር ሰዎች ባለቤቴን ለብቻዋ ጠርተው ምን እንደያዘኝ ጠየቋት፤ አንዱ ስኳር ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን። በአንድ የለቅሶ ቤት ደግሞ አንዲት ዘመዴ ፊቴን ዳስሰው «ልጄን ምን አከሳብኝ» ብለው አለቀሱ፤ ከዚያም በቅቤ የራሰ ጉርሻ አጎረሱኝ። ዋጥኩት። እንዲህ ያለውን ጉርሻ የሚመልስ ሰው ካለ ጀግንነቱን አልመኝለትም።

በሰኔ መጨረሻ ጠቅላላው 221፣ ኤል ዲ ኤሉ 148 ሆነ። ሐኪሟ ሌላ ሦስት ወር ጨመረችልኝ። በጥቅምት መጀመሪያ ጠቅላላው 206፣ ኤል ዲ ኤሉ 137፣ ኤች ዲ ኤሉ 41፣ ትራይግሊሰራይዱ 140፣ ክብደቴ 83 ኪሎ፣ የወገቤ ዙሪያም ከ108 ወደ 99 ሴንቲ ሜትር። ለእኔ የፈለገችው ከ130 በታች በመሆኑ ጉዳዩ ገና አልተዘጋም፤ የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ከገና በኋላ ነው፤ እስከዚያ ካልወረደ ስለ ስታቲኑ እንደገና እንነጋገራለን። ሁለታችንም በዚህ ተስማምተናል።

አሁን ልጄ ጀሪካን በተከፈተ ቁጥር ቀኑን በማርከር ጎኑ ላይ ትጽፍበታለች፤ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ከሚለው በላይ። ያለፈው 48 ቀን ቆየ፤ ለአንድ ሰው በቀን 24 ግራም ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ያየሁት 31ኛ ቀኑን ይዞ ከግማሽ በታች ብዙም አልወረደም። ባለቤቴ ቅዳሜ እንግዳ አለብን ብላለች።